«ኑጉንስ?» ስለ አንዲት ቅጠል በል ጥንዚዛ

ይህን ንግግር ያደረግሁት ደብረ ማርቆስ ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ የግብርና ባለሙያዎች፣ ተማሪዎችና ከደጀን በኩል የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ማይኩ ሁለት ጊዜ ጠፋ። ኋላ የተቀመጡት ብዙ ነገር አምልጧቸዋል። «ጽፈህ ላክልን» ስላሉኝ ጻፍሁት። የተናገርኩትን ብዙም አልነካካሁትም።

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አረፈዳችሁ?

ስገባ በር ላይ አንድ አባት አገኘሁ። «ዛሬ ምን ልታስተምረን ነው ልጄ?» አሉኝ። «አረም የምትበላ ጥንዚዛ አለች፣ ስለሷ ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና «አረሙን ስትጨርስስ? ኑጉንስ?» አሉኝ።

ሃያ ምናምን ስላይድ ይዤ ነበር የመጣሁት። እዚያው በር ላይ ግማሹን ተውኩት። ምክንያቱም ጉዳዩ ሁሉ ያለው እሳቸው በጠየቁት ላይ ነው። አውስትራሊያ፣ ሕንድ፣ ደቡብ አፍሪካና አምቦ ያሉ ተመራማሪዎች ስለዚች ጥንዚዛ ያንኑ ነው ሲጠይቁ የኖሩት። አባቴ፣ እዚያ ጋ ተቀምጠዋል አይደል? ዛሬ የማወራው ለእርስዎ ነው። ሌላው ያዳምጥ።

ከአረሙ ልጀምር። በሳይንስ ስሙ ፓርቲኒየም ነው። በአማርኛ ቅንጨ አረም ይሉታል። ጥቃቅን ነጫጭ አበባውን ያየ ሰው ስሙ አይገርመውም፤ የተበተነ ቅንጬ ነው የሚመስለው። በኦሮምኛ ፈረምሲሳ ይባላል። ሲተረጎም «የሚያስፈርም» እንደማለት ነው። መሬትህን አስፈርሞህ ያስለቅቅሃል። እንዲህ ያለ ስም የሚወጣው ቢሮ ውስጥ አይደለም፣ መሬቱ የተወሰደበት ሰው ነው የሚያወጣው።

አገሩ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ነው። እኛ አገር ከእርዳታ ስንዴ ጋር ተቀላቅሎ ገባ ይባላል። በ1980 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ መታየቱ ተመዝግቧል። ሕንዶችም ያው ነው የሚሉት። እነሱ ጋ በ1950ዎቹ አጋማሽ ፑኔ የምትባል ከተማ ላይ ታየ፣ ከስንዴ ጋር መጣ ይላሉ።

ጠባዩ ክፉ ነው። አንዲት ጥሩ ቦታ ያገኘች ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ታፈራለች። ከበቀለች ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ታብባለች። ሥሯና ቅጠሏ የጎረቤቷን እህል እድገት የሚያቀጭጭ ኬሚካል ይለቃል። በእጅ የሚነቅላት ሰው ቆዳው ይቆጣል፣ አንዳንዱን አስም ያስይዘዋል። ከብት በግድ ከበላት ወተቱ ይመራል። ዘሯ በጎማ ጭቃ፣ በአሸዋ፣ በከብት እግር ይጓዛል። ከአባይ በረሃ ወጥቶ ደጀን ላይ የሚያርፍ የጭነት መኪና ጎማው ላይ ምን ይዞ እንደመጣ ማን ይጠይቀዋል? ኬላ ላይ ሰሊጥና ከሰል ይፈተሻል እንጂ ጭቃ አይፈተሽም።

ታዲያ ይህ አረም ሜክሲኮ ውስጥ ለምን እንዲህ አልባለገም? እዚያ የሚበሉት አሉ። ግንዱን የሚቦረቡር አለ፣ ዘሩን የሚበላ አለ፣ ቅጠሉን የሚያራግፍ አለ። ወደ እኛ ሲመጣ ዘሩ ብቻ መጣ። ጠላቶቹ አገር ቤት ቀሩ። ሰውም እኮ የሚያውቀው ጎረቤት በሌለበት ከተማ ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል።

አውስትራሊያኖች ይህን ገምተው ሜክሲኮ ሄዱ። ካገኟቸው መካከል አንዷ የዛሬዋ እንግዳችን ናት። በ1980 እ.ኤ.አ. ወደ አውስትራሊያ ወሰዷት። ሕንዶች በ1984 ባንጋሎር ላይ ለቀቋት።

ስሟ ዚጎግራማ ባይኮሎራታ ይባላል። ረዥም ነው፣ አትፍሩት። ዚጎ በግሪክኛ ቀንበር ነው። ግራማ መስመር ወይም ጽሑፍ ነው። ባይኮሎራታ ባለ ሁለት ቀለም ማለት ነው። በእኛ አፍ ቢሆን «ጥማድ መስመር» ብለን እንጠራት ነበር። ጀርባዋን ብታዩት ይገባችኋል። ክንፏ እንደ ቅቤ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ ይሄዳል። በላዩ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ መስመር ጠመዝመዝ እያለ በግራና በቀኝ ይወርዳል፣ ልክ እንደ ጥንድ በሬ። መጠኗ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። አምቦ ላይ መረብ በለበሰ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ያየኋት ቀን፣ እውነቱን ልናገር፣ ናቅኋት። ለዚህ ሁሉ አረም ይህች?

ኑሮዋ እንዲህ ነው። ሴቷ በቅጠሉ ጀርባ ላይ ቢጫ እንቁላሏን ትጥላለች። በአራት በአምስት ቀን እጩ፣ ትል መሳዩ ልጇ ማለት ነው፣ ይፈለፈላል። እጩ ወዲያው ወደ ቡቃያው ጫፍ ይሄዳል። ይህን ያዙልኝ። ጫፉ ላይ ነው አበባ የሚጀምረው። ጫፉ ከተበላ አበባ የለም፣ አበባ ከሌለ ዘር የለም። ትልልቆቹ እጮች ደግሞ ቅጠሉን ይጨርሳሉ። ከአስር እስከ አስራ አምስት ቀን ከበሉ በኋላ ወደ አፈር ይወርዳሉ። እዚያ ውስጥ ተኝተው ወደ ጥንዚዛነት ይለወጣሉ። ሙቀትና እርጥበት ካለ ከእንቁላል እስከ ጥንዚዛ አንድ ወር ገደማ ቢወስድ ነው። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ከ2,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

በጣም የምወድላት ግን በጋውን የምታሳልፍበት መንገድ ነው። ዝናቡ ሲያቆም፣ አረሙ ሲደርቅ፣ አፈር ውስጥ ገብታ ትተኛለች። ወራት ትቆያለች፤ አትበላም፣ አትንቀሳቀስም። ዝናብ ሲጥል አፈሩን ገፍታ ትወጣለች። በእኛ ቀን አቆጣጠር ቢሆን ሰኔ ላይ ከገበሬው ጋር ትነሳለች፣ ሐምሌና ነሐሴ ትሠራለች፣ ጥቢው ሲያልፍ ትገባለች። ሁለት ዓመት ድረስ የሚኖሩም አሉ።

አሁን ወደ ኑጉ።

ይህች ጥንዚዛ ቅጠል በል ከሚባሉት ቤተሰብ ናት። በዓለም ላይ ከ30,000 በላይ ዝርያ አላቸው። አብዛኞቹ ምግብ ይመርጣሉ። አንዱ አንድ ተክል፣ ሌላው ሦስት አራት ዘመዳም ተክል ብቻ ይበላል። ምክንያቱ ተክሎች ዝም ብለው አይበሉም። እያንዳንዱ የራሱን መርዝ ይቀምማል። ያንን መርዝ መቻል የተማረ ነፍሳት ሌላውን ሳይማር ይቀራል። አልፎ ተርፎም የመርዙን ጣዕም ካላገኘ ምግብ አይመስለውም። ጥንዚዛችን ፓርቲኒየም ካልሸተታት አፏን አትከፍትም። እንደ ጾመኛ ናት፤ ክትፎ ብታቀርቡላት አታይም።

ግን አባቴ፣ ጾም የሚገድፍም አለ። ይህን ደብቄ ባልፍ አታለልኳችሁ ማለት ነው።

ጾሙን የገደፈ ዘመድ አላት። ኮሎራዶ የድንች ጥንዚዛ ይባላል። መጀመሪያ በአሜሪካ ተራራማ አገር አንድ እሾሃማ የዱር ተክል እየበላ ይኖር ነበር። ማንም አያውቀውም። ሰፋሪዎች ድንች ይዘው አካባቢው ደረሱ። ድንችና ያ የዱር ተክል ዘመዳሞች ናቸው። በ1859 እ.ኤ.አ. ነብራስካ ላይ ድንቹን መብላት ጀመረ። በአስራ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ ደረሰ። ዛሬም ከድንች ዋነኛ ተባዮች አንዱ ነው። ከአዊ የመጣችሁ ድንች አምራቾች ካላችሁ አትደንግጡ፣ የማወራው ስለ ዘመዷ እንጂ ስለ እሷ አይደለም።

ከዚህ የባሰም አለ። በዚያው በዚጎግራማ ስም የምትጠራ ሌላ እህት አለቻት፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የፈረንጅ ሱፍ ቅጠል የምትበላ። የፈረንጅ ሱፍ ደግሞ የኑግ ዘመድ ነው። ስለዚህ «ኑጉንስ?» የሚለው የፈሪ ጥያቄ አይደለም።

እኛው አገርም የተቃጠልንበት አለ። ትግራይ ውስጥ ለቀይ ቀለም ተብሎ ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት በለስ ላይ ተለቀቀ። ቀለሙ ገበያ ነበረው። ነፍሳቱ ግን ከተፈቀደለት ቦታ ወጥቶ ደቡባዊውንና ምሥራቃዊውን የትግራይ በለስ ፈጀው። በለስ እዚያ የክረምት ምግብ ነው፣ የከብት መኖ ነው፣ አጥር ነው። ነፍሳቱ ሥራውን ነው የሠራው፤ በለስ ይበላል፣ በላ። ችግሩ ያለው በለሱ ለማን ምን እንደሆነ አስቀድሞ አለመጠየቁ ላይ ነው።

እንግዲህ ኑጉ እንዴት ተጠየቀ?

እኛ አገር ሰው ሲጋባ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ቅርብ ዘመድ እንዳይሆኑ ነው። ጥንዚዛ ስትፈተንም ይቆጠራል፣ ግን በግልባጩ፦ ከቅርብ ዘመድ ይጀመራል። የአረሙ የቅርብ ዘመዶች መጀመሪያ ይቀርቡላታል፣ ከዚያ ሩቆቹ። ቅርቡን ካልበላች ሩቁን የመብላት ዕድሏ ያንሳል።

አሁን የፓርቲኒየምን ዘመዶች ልቁጠርላችሁ። ኑግ። መጭ። ሱፍ። የፈረንጅ ሱፍ። ሰላጣ። ግራዋ። (እዚህ ላይ አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ።) ቆይ፣ አልጨረስኩም። አደይ አበባ። አዎ፣ የእንቁጣጣሿ አደይ የዚህ ክፉ አረም ዘመድ ናት። ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው። የአበባቸውን አሠራር ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት አንድ የሚመስለው አበባ የብዙ ትናንሽ አበቦች ስብስብ ነው። መስከረም ላይ ጎጃምን ቢጫ የሚያለብሰው ይኸው ቤተሰብ ነው። ንቦቻችሁ ጥቅምት ላይ የምትቆርጡትን ማር የሚሠሩት ከዚሁ ነው። ለሜክሲኮ ወይም ለአውስትራሊያ ሰው ኑግ ምንም አይደለም፤ ቢጠፋ የወፍ ጥሬ ጎደለ ይላል። ለእኛ ግን ዘይት ነው፣ ፋጉሎ ነው፣ ማር ነው። ስለዚህ እነሱ የጻፉት የፈተና ውጤት ብቻ አይበቃንም ነበር። እዚሁ፣ በራሳችን ተክል መፈተን ነበረባት።

ጥንዚዛዋ ከደቡብ አፍሪካ ወደ አምቦ መጣች። ለዚሁ የተዘጋጀ ኳራንቲን ውስጥ ገባች። ኳራንቲን ማለት በር ሁለት ሦስት፣ ማናቸውም ነገር የማያሾልክ መረብ፣ ልብስ ሳይቀየር የማይገባበት ቤት ነው። ፈተናው ሁለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ጭካኔ አለበት። ጥንዚዛዋን ኑግ ብቻ ካለበት መረብ ውስጥ ትዘጋባታለህ። ወይ ይህን ብላ፣ ወይ ሙት ነው። የተራበ ነፍሳት ሊቆነጥር ይችላል። መቆንጠሯ ብቻ አያስፈራም። ዋናው እንቁላል ትጥላለች ወይ? እጩ በዚያ ተክል አድጎ ጥንዚዛ ይሆናል ወይ? ነው። ልጅ የማታሳድግበት ተክል ላይ መንደር አትመሠርትም። ሁለተኛው ፈተና ምርጫ አለው። ኑግም ፓርቲኒየምም ጎን ለጎን ይቀርብላታል። የት ትሄዳለች?

ኑግ ከዋነኞቹ ተፈታኞች አንዱ ነበር። የመልቀቂያ ፈቃዱ የተሰጠው ኑጉን ለአደጋ እንደማትዳርግ ከታየ በኋላ ነው። ከዚያ ምሥራቅ ሸዋ ወለንጪቲ አካባቢ ተለቀቀች። አብሯት ግንድ የሚቦረቡር ሌላ ጥንዚዛም ነበር። አንዷ ከላይ ታራግፋለች፣ አንዱ ከውስጥ ይሰረስራል።

አባቴ፣ መልሱ ይኸ ነው። ግን አንድ የሕንድ ታሪክ ካልጨመርኩ ጎዶሎ ይሆናል።

ሕንድ ውስጥ ከተለቀቀች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፈረንጅ ሱፍ ማሳ ላይ ታየች። ቅጠሉን እየበላች። አገር ተደበላለቀ። ገበሬው ጮኸ፣ ጋዜጣው ጻፈ፣ ይህን ያህል ዓመት ተፈትና ያለፈች ጥንዚዛ ዋሸችን ተባለ። ሳይንቲስቶቹ ወደ ማሳው ተመለሱ። ያገኙት ነገር እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከማሳው ዳር ፓርቲኒየም ቆሟል። ነፋስ የአረሙን የአበባ ብናኝ አንስቶ ሱፉ ቅጠል ላይ ያራግፋል። ጥንዚዛዋ ስትቀምሰው የለመደችው ጣዕም አለ። በቁንዶ በርበሬ ተሸፍኖ እንደቀረበ ሌላ ሥጋ በሉት። ሱፉ ላይ ግን ተዋልዳ መኖር አልቻለችም።

ስለዚህ ይህች ጥንዚዛ አንድ ቀን ወደ እናንተ ወረዳ ከመጣች፣ የኑጉን ማሳ ዳርቻ ከአረሙ ማጽዳት የእናንተ ድርሻ ነው። ዳር ላይ ቅንጨ አረም ያስቀመጠ ሰው ኑጉ ሲቀመስ ጥንዚዛዋን ባይወቅስ ደስ ይለኛል።

የማትችለውንም ልንገራችሁ። አረሙን ከሥሩ አታጠፋውም። እንደሱ የሚላችሁ ሰው ካለ ፕሮጀክት እየሸጠላችሁ ነው። ዝናብ በደረቀበት ዓመት ትዳከማለች። አረሙ ቀድሞ በቅሎ እሷ ዘግይታ ከአፈር ከወጣች፣ አበባው ይቀድማታል። ብዛቷ ለመጨመር ዓመታት ይፈልጋል። ሕንድ ውስጥ ግን ዝናብ ባገኘችበት ቦታ መንገድ ዳሩን ሙሉ አራቁታዋለች፤ ከዚያም ማንም ሳይጋብዛት ወደ ፓኪስታንና ወደ ኔፓል ተሻግራለች። ፓስፖርት የጠየቃት የለም።

ጣና ላይ ስላለው እምቦጭ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ፣ ስለዚህ በአጭሩ። እምቦጭ ሌላ ቤተሰብ ነው፣ ይህች ጥንዚዛ አትነካውም። ለሱ የራሱ ጠላት አለው፣ ነቀዝ መሳይ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ተለቆ ብዙ ረድቷል። እሱም የራሱ ሰባት ቤት አለው። ሌላ ቀን እመጣለሁ።

እስከዚያው በእጅ ንቀሉ። ሳያብብ ንቀሉ። ካበበ በኋላ መንቀል ዘር መዝራት ነው። ባዶ እጃችሁን አትንኩት፤ ጓንት ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ አድርጉ። ሳል ያለበት ሰው ይቅርበት።

ጥያቄ?

(ብዙ ጥያቄ ነበር። አንዱን ብቻ ልጻፍ።)

ከመካከል አንዲት እናት ተነሱ። «በጋውን አፈር ውስጥ ነው የምትተኛው አልህ?» አሉ።

«አዎ እናቴ።»

«እኛ ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ እናርሳለን። ማረሻው ተኝታ አያገኛትም?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ስላይዶቼ ውስጥ ይህ አልነበረም። ያገኛታል አልኳቸው። ተኝታ ያለች ጥንዚዛ ላይ ማረሻ ሲሄድ አንዷ ትቆረጣለች፣ አንዷ ፀሐይ ላይ ትወጣለች፣ አንዷን ዶሮ ይለቅማታል። ስለዚህ የምትለቀቀው ማሳ ውስጥ መሆን የለበትም። ያልታረሰ ቦታ ይፈለግላታል፣ ውሃም የማይተኛበት።

«ያልታረሰ?» አሉ እናትየዋ። ዞር ብለው ጎረቤቶቻቸውን አዩ። «እኛ ቀበሌ ያልታረሰ የቀረው የቤተ ክርስቲያን ቅጥርና የመንገድ ዳር ነው።»

«መንገድ ዳሩ ይበቃታል» አልኩ።

የበሩ አባት ይሄኔ እጃቸውን አነሱ። «መንገድ ዳሩንማ ባለፈው ዓመት ልጄ አርሶታል።»